ከጥናቱ ወሰን ውጭ

ሦስተኛ ዓመት ላይ የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ የሚባል ትምህርት ጀመርን። መምህሩ ወጣት ነበር፤ ከውጭ ተምሮ ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልሞላውም። በመጀመሪያው ቀን አንድ አጭር ግጥም ሰሌዳው ላይ ጻፈና የገጣሚውን ስም ሳይጽፍ ቀረ። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ "የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደነበር ያስታውቃል። ጠመኔውን አስቀመጠና እጁን አራገፈ።

"የማንም ይሁን" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ይህን አትጠይቁኝም። የጻፈው ሰው አዝኖ ይሁን ተደስቶ፣ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የለም። ያሉት ቃላቱ ናቸው። ቃላቱ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደተያያዙ ካየን ይበቃናል።"

ክፍሉ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። በሌሎቹ ክፍለ ጊዜዎች የምንማረው ተቃራኒውን ነበርና፤ ደራሲው ከየትኛው መደብ እንደወጣ፣ ለየትኛው መደብ እንደቆመ፣ ጭቁኑን ሕዝብ ለትግል ያነሣሣ እንደሆነ። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ አዲሱን ትምህርት የደላው ሰው ጨዋታ አድርገው አዩት። አንዳንዶቹም ይህን ማስተማሩ መምህሩን አንድ ቀን ያስጠይቀዋል ብለው ፈሩለት። እኔ ግን ወደድሁት። የወደድሁበትን ምክንያት ያኔም አውቀው ነበር፣ ለማንም አልተናገርሁትም እንጂ። ስለ ሰው የማይጠይቅ ትምህርት ነበር። እኔ ደግሞ ስለ አንድ ሰው መጠየቅ ካቆምሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር።

የተወለድሁት ጉና ሥር፣ ከገሳይ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። የደብራችን የቅኔ መምህር በአካባቢው ሁሉ የታወቁ ሰው ነበሩ። ከጎጃምም ከላስታም የመጡ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ጎጆ ቀልሰው ከእሳቸው ይማራሉ። እኛ የኔታ እንላቸዋለን። እኔም ከእሳቸው ዘንድ ቅኔ ጀምሬ ነበር፤ ግሡን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ጥዬ ወደ አስኳላ ሄድሁ እንጂ።

የኔታ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። ከእኔ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ክርስትና የተነሣን እኩያሞች ነን። ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። ከቤት የሚላክልንን ስንቅ አንድ ላይ እንበላለን፣ በአንድ ብርድ ልብስ እንተኛለን። እሱ ሒሳብ ላይ የሚደርስበት አልነበረም፤ እኔ በአማርኛ እሻለዋለሁ። ሲስቅ ግንባሩን በመዳፉ የመምታት ልማድ ነበረው። 

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን፣ በኅዳር ወር፣ ሁለት ሰዎች መጥተው ከመማሪያ ክፍላችን በር ላይ ቆሙና ስሙን ጠሩ። ተነሥቶ ወጣ። አልተመለሰም። በዚያን ዓመት ከብዙ ቤት ብዙ ልጅ እንዲሁ ወጥቶ ቀርቷል፤ የእኛን ከሌላው የሚለየው ነገር የለም። ሞቷል ያለ የለም፣ ታስሯል ያለም የለም፣ ሬሳ አልተሰጠም። ልቅሶ መቀመጥ አይቻልም፤ ለአብዮቱ ጠላት ማልቀስ ራሱ ወንጀል ነበር። እናቱ ነጠላቸውን እንኳ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው መልበስ አልቻሉም። እኔም ወደ መንደር ወርጄ ለየኔታ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። ነገሩን የነገራቸው ገበያ የወጣ ሌላ ሰው ነው። እኔ ብቅ ያልሁት ከሁለት ወር በላይ ቆይቼ፣ ለነነዌ ጾም ነው።

በሦስተኛው የጾም ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ካህናቱ ለቅኔ ሲደርሱ የኔታ ከተማሪዎቻቸው መካከል ራመድ ብለው ወጡና ተቀኙ። ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ስንኝ ብቻ። ከግእዙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሐሳቡ ይህን ይመስላል፦ ዮናስን የዋጠው ዓሣ እስከ ሦስት ድረስ መቁጠር ያውቅ ነበርና ቀኑ ሲሞላ የዋጠውን መለሰ፤ የእኛን ባሕር ዓሣ ግን ቁጥር ማን ያስተምረው?

ሰሙ የነነዌ ታሪክ ነው። ወርቁን ግእዝ የሚሰማ ሁሉ አወቀው። ጥሩ ቅኔ ሲነገር ካህናቱ "ይበል! ይበል!" ይላሉ። ያን ቀን ማንም "ይበል" አላለም። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ግንባራቸውን መቋሚያቸው ላይ ደፍተው ቀሩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ግእዝ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያያል። የልጁ እናት በሴቶች በኩል ነበሩ። እሳቸውም ግእዝ አያውቁም። ግን ከካህናቱ ዝምታ አወቁት መሰለኝ፣ ወዲያው ጎንበስ ብለው ወጡ።

የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራበት ጊዜ ሲደርስ የየኔታን ቅኔዎች ሰብስቤ በአዲሱ ንድፈ ሐሳብ ልመርምር አልሁ። አማካሪዬ ያው ወጣቱ መምህር ነበር። ሐሳቡን ስነግረው ከወንበሩ ተነሣ። "ይህን ማንም አልሠራውም" አለኝ። ከትምህርት ክፍሉ የቴፕ መቅረጫ አስወጥቶ ሰጠኝ፣ የባትሪ ድንጋዩን ግን ራሴ እንድገዛ ነገረኝ።

በጥር ዕረፍት ሄድሁ። በባሕር ዳር አድርጌ፣ ወረታ ላይ መኪና ቀይሬ ደብረ ታቦር ገባሁ። ከዚያ እስከ ገሳይ እህል በጫነ መኪና ላይ፣ የቀረውን በእግሬ። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ሞራ ለብሶት ነበር፤ ያወቁኝ በድምፄ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ስቀመጥ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ ቶሎ አላነሡም።

"ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማረው?" አሉኝ።

"ሥነ ጽሑፍ ነው፣ የኔታ። ግጥምና ድርሰት እንዴት እንደሚሠራ።"

"እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ከሆነ ምነው ጥለኸን ባልሄድህ!" ብለው ሳቁ።

ንድፈ ሐሳቡን እንደምችለው አስረዳኋቸው። ደራሲውን እንደማንጠይቅ፣ ድርሰቱን ብቻ ፈትተን እንደምናይ ነገርኋቸው።

"ደራሲውን ምነው? ተጣላችሁት?"

"አይደለም፣ የኔታ። ድርሰቱ ራሱን ችሎ ይቆማል ነው የሚሉት። ደራሲው ያሰበውና ድርሰቱ የሚለው አንድ አይደለም ይላሉ።"

የሚቃወሙኝ መስሎኝ ነበር። "መልካም ብለዋል" አሉ። "የእኛስ ቅኔ ካፋችን ከወጣ በኋላ መቼ የእኛ ሆኖ ያውቃል? የሚፈታው ሰሚው ነው። እኔ ያላሰብሁትን ወርቅ ተማሪዎቼ ሲያወጡልኝ ነው የኖርሁ።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ግን ልጄ፣ ሰው እየተናገረ ተናጋሪውን አላይም ማለት ከየት የመጣ ነው? የሞተ እንደሆነ ይሁን። ተቀምጦ ሳለ እንኳ?"

ሳቅሁ። የቴፕ መቅረጫውንም ከሻንጣዬ አወጣሁ።

አራት ቀን ሙሉ ቅኔ ሰጡኝ። አብዛኛውን እዚያው እየተቀኙ ነበር፤ ምክንያቱም ቅኔ አይደገምም፣ ለአንድ ቀን ተነግሮ ያልፋል፣ ትናንት የተናገረውን ዛሬ የሚደግም መምህር ያፍራል። በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ ተማሪዎቻቸውን እንጨት እንዲለቅሙ ላኩ። ሁለታችን ብቻ ስንቀር "ያን ነገር ክፈተው" አሉኝ። ቴፑን ከፈትሁት።

የዮናስን ቅኔ ተናገሩ። ከዚያ እንደገና ደገሙት።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሞራ የለበሰ ዓይናቸውን ወደ እኔ አቅንተው ዝም አሉ። ቴፑ ይዞራል። ከውጭ በግ ይጮኻል። እንደዚያ ያለ መምህር አንድን ቅኔ ሁለተኛ ጊዜ ለምን እንደሚናገር አላጣሁትም። ልጃቸውን በመጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ዴስክ ላይ አብረን ነው የተቀመጥነው። እሳቸው አፍ አውጥተው ሊጠይቁኝ አልፈለጉም፤ በሩን ከፍተው እኔ እንድገባ ጠበቁኝ።

"የኔታ፣ የመጀመሪያው ስንኝ ግሡ ለምን ባለፈ ጊዜ ሆነ?" አልኋቸው።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። "የዮናስ ነገር አልቋል፣ ስለዚህ ባለፈ ጊዜ ተነገረ። ሁለተኛው አላለቀም፣ እሱ በሚመጣ ጊዜ ሆነ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"እንግዲያስ ዝጋው" አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ተሰናብቻቸው ሄድሁ።

ጽሑፉ ጥሩ ሆነ። ሐሰት ነበር ለማለት አልደፍርም። የዮናስን ቅኔ ብቻ የሚመለከት አሥራ አንድ ገጽ ጻፍሁ፤ ባሕርና የብስን፣ መዋጥና መመለስን፣ የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን እያነጻጸርሁ ሠንጠረዥ ሠራሁለት። የመጀመሪያው ስንኝ ቃላት በድምፃቸው እንኳ እየተዘጉ እንደሚሄዱ፣ የሁለተኛው ስንኝ ደግሞ ሳይዘጋ እንደሚቀር አገኘሁ። ይህን ያለ ትምህርቴ አላየውም ነበር። ሳገኘው ደስ ብሎኝ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቼ ግቢውን ዞርሁ። ሐዘኑን ሳይሆን የሐዘኑን አሠራር ነበር የወደድሁት። አማካሪዬ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ግሩም!" ብሎ ጻፈበት።

ሥራዬን በሦስት መምህራን ፊት አቀረብሁ። አንዱ አማካሪዬ ነው። ሁለተኛው የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ነበር፤ ደብተር ይዞ የሚባለውን ሁሉ ይጽፋል። ሦስተኛው ፀጉራቸው የሸበተ አንጋፋ መምህር ናቸው። እኚህ ሰው የአማካሪዬን ትምህርት በግልጽ ይነቅፉ ነበር፣ መደብ የሚቆጥሩትንም ቢሆን አይወዷቸውም። "አንዱ ሰውየውን ያስወጣዋል፣ ሌላው ሰውየውን አስገብቶ ይከሰዋል፤ ቁጭ በል ብሎ የሚያዳምጠው ጠፋ" ሲሉ ክፍል ውስጥ ሰምቻቸዋለሁ።

አንጋፋው መምህር ከጽሑፌ የዮናስን ቅኔ ምዕራፍ ገለጡ።

"ሠንጠረዡ ጥሩ ነው" አሉኝ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እኚህ የቅኔ መምህር ልጅ ጠፍቶባቸው ነበር?"

ደብተር የያዘው ሰው እስክሪብቶውን አነሣ። አማካሪዬ ወደ መስኮቱ አየ።

"ጥያቄው ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው" አልሁ።

አንጋፋው መምህር ጥቂት አዩኝና ጽሑፉን ከደኑ። "በጎ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።" ከፍተኛ ነጥብ ሰጡኝ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ። ማንም በአጠገባችን አልነበረም። "ያን መልስ የመለስኸው ፈርተህ ከሆነ እረዳሃለሁ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔም እፈራለሁ። አምነህበት ከሆነ ግን አዝንልሃለሁ።" መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ። የትኛው እንደነበር ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሁለቱም ነበር ይመስለኛል፤ አንደኛው ሌላውን ይሸፍንልኝ ነበር።

ስመረቅ በአስተማሪነት ደብረ ታቦር ተመደብሁ። የተማርሁበት ትምህርት ቤት ነው፤ ያ ክፍል አሁንም አለ። እዚያ እንዳላስተምር ርእሰ መምህሩን ለምኜ ሌላ ክፍል ወሰድሁ። የመጀመሪያው ዕረፍት ሲመጣ የጽሑፌን አንድ ቅጂ ይዤ ወደ መንደር ወጣሁ። ለምን እንደወሰድሁት አላውቅም። ምናልባት እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ ይሆናል።

የኔታ በዚያን ጊዜ ጨርሶ ዓይናቸው ጠፍቷል። ተማሪዎቹም አንሰዋል፤ አንዳንዶቹ ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይታፈሱ ሸሽተዋል። የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት። "ከባድ ነው" አሉ። "የእኔን አንብብልኝ።" የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሥራ አንዱን ገጽ አነበብሁላቸው፣ ሠንጠረዡን በቃል እያብራራሁ። ባለቤታቸው ገብስ እየለቀሙ ነበር፤ ስጀምር ሰፌዱን አስቀመጡ።

ስጨርስ የኔታ ወረቀቱን በእጃቸው ዳሰሱ።

"የእሱ ስም የለም" አሉ።

"የለም፣ የኔታ።"

"ልጅ ጠፋብኝ የሚልም የለም።"

"የለም።"

እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈለጉ፣ አገኙትና ያዙት። "ጎሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "አንድም ሰው እንዳያገኘው አድርገህ ደብቀኸዋል። እኔ በሰም ደበቅሁት፣ አንተ በዚህ በሠንጠረዡ ደበቅኸው። ትልቅ ከተማ ገብቶ፣ በመጽሐፍ ተጽፎ፣ ማንም ሳይነካው ተቀመጠ። እግዚአብሔር ይስጥህ።"

እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልደበቅሁትም፣ ረስቼው ነው፣ እንድረሳውም ተምሬ ነው ልላቸው ይገባ ነበር። አፌን ከፈትሁ። ባለቤታቸው ፊቴን እያዩኝ ነው። ዘጋሁት። ምስጋናውን ተቀበልሁ። በሕይወቴ ከተቀበልሁት ነገር ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

ከዚያ የኔታ "አሁን እኮ እኛው ብቻ ነን" አሉኝ። "ካንተ ጋር ነበር አሉ። ሲወጣ ምን አለ?"

ከሰባት ዓመት በኋላ ነው የጠየቁኝ። በዚያ በጥር የዮናስን ቅኔ ሲደግሙልኝ፣ ሳይጠይቁኝ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

"'መጣሁ' አለኝ" አልኋቸው። "የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነበር። ስሙ ሲጠራ እስክሪብቶውን አልከደነም። ደብተሩን ወደ እኔ ገፍቶ 'ይህችን ጻፍልኝ፣ መጣሁ' ብሎኝ ወጣ።"

"አልፈራም?"

"አልፈራም፣ የኔታ። ለሌላ ነገር የጠሩት መስሎት ነበር።"

"አልፈራም" አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። እሳቸው ሰምተው ነበር። የኔታ ማልቀሳቸውን ያወቅሁት እጄን ከያዘው እጃቸው ነው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። "ጻፍህለት?" አሉኝ።

"ጻፍሁለት። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ጻፍሁለት።"

"በጎ አደረግህ።"

የኔታ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል ኖሩ። የሞቱት ጦርነቱ ጉና በደረሰበት ወቅት ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ የሚያስወጣው መንገድ ተዘግቶ ነበርና ለቀብራቸው አልደረስሁም፤ ማረፋቸውን የሰማሁት አንድ የመንደራችን ቄስ በዙሪያ ጥምጥም በእግራቸው ከተማ ሲገቡ ነው። እስከዚያ ድረስ አሥራ አንድ ቀን አልፎ ነበር። ብዙ ሺህ ቅኔ የተቀኙ ሰው ናቸው። በወረቀት ላይ ያለው እኔ የጻፍሁት ሠላሳ የማይሞላ ቅኔ ብቻ ነው፣ እሱም በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ የማን እንደሆነ ሳይነገር ተቀምጧል።

ለአርባቸው መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ሄድሁ። የመንግሥት ጦር አካባቢውን ለቆ ነበር፤ ሊቀ መንበሩም አብሮ ሄዷል። ካህናቱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ የየኔታ ባለቤት ወደ ነፍስ አባታቸው ጠጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ቄሱ ደነገጡ።

"ሞቱ ሳይታወቅ?" አሉ።

"እኔ ካሁን በኋላ አልጠብቅም፣ አባ" አሉ ባለቤታቸው። "ካባቱ ጋር ይጠራ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።"

ቄሱ ካህናቱን አዩ። ሽማግሌው መሪጌታ አንገታቸውን በይሁንታ ነቀነቁ። የአባትየው የክርስትና ስም ተጠራ፣ ቀጥሎም የልጁ። ልጁ ከተወሰደ ወዲህ ስሙ ከአንድ ሰው አፍ እንኳ ጮክ ብሎ ሲወጣ አልሰማሁም ነበር። ከሴቶቹ በኩል ልቅሶ ተነሣ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለትኩስ ሬሳ እንደሚለቀሰው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እናት ግን ቆመው አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ አልወጣቸውም። እንደገና ሞከሩ። እጃቸውን ጉሮሮአቸው ላይ አድርገው ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

"አልመጣልኝ አለ" አሉ በሹክሹክታ። "እናንተ አልቅሱልኝ።"